ደንበኛዎ «ቀመሩን እኔው ልጻፈው» ሲሉ

ቸርችል ጎዳና ላይ ላለ ዳቦ ቤት ዴልፊ በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ የደመወዝ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። እትዬ የምንላቸው የሒሳብ ሠራተኛዋ በጥምቀት ዋዜማ ደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ በየበዓሉ አንተን ከማስቸግር ቀመሩን እኔው ልጻፈው።» እውነታቸውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ዳቦ ቤት ደግሞ ሌሊትም በዓልም ይጋግራል።

እኔም ቀመሩን ራሳቸው እንዲለውጡ ብዬ፣ ቸኩዬ የዴልፊን ኮምፓይለር (የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን መሣሪያ) ኮምፒውተራቸው ላይ ጫንኩት። ማታ የፈቃድ ውሉን ሳነብ ደነገጥኩ፤ በማግስቱ ሄጄ አነሣሁት። የከፈልንበት ውል በኮምፓይለሩ የሠራነውን ፕሮግራም እንድንሸጥ እንጂ ኮምፓይለሩን ራሱን ለደንበኛ እንድንሰጥ አይፈቅድም። የእኛ ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ሲባዛ እንደምንቆጣ ሁሉ የሌላውንም ሥራ ማክበር አለብን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የፈቃድ ውሉን ይክፈቱና ስለ ማሰራጨት የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ። እንዲሰራጭ በግልጽ ያልተፈቀደን ፋይል ለደንበኛ አይስጡ። እትሙ ነጻ ከሆነ ለተጠቃሚው የተቀመጠውን የገቢ ጣሪያም ይመልከቱ፤ የዴልፊ ኮሚዩኒቲ እትም ጣሪያ በዓመት 5,000 የአሜሪካ ዶላር ነው።

እኔ በመጨረሻ፣ እትዬ ቀመሩን ያለ ዴልፊ ኮምፓይለር እንዲጽፉ፣ ሉዋ የሚባል የስክሪፕት ቋንቋ (በሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠሩ አጫጭር ትእዛዞች የሚጻፉበት) ፕሮግራሜ ውስጥ ከተትኩ። ብራዚል ውስጥ የተሠራው ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኤምአይቲ በሚባለው ልል የፈቃድ ዓይነት ይሰራጫል፤ ለሽያጭ በሚቀርብ ፕሮግራም ውስጥ መክተትም ይቻላል። ግዴታው የባለመብቱን ማስታወቂያና የፈቃዱን ጽሑፍ አብሮ ማኖር ነው፤ እኔ «ስለ ፕሮግራሙ» በሚለው መስኮት አኑሬዋለሁ።

ሉዋን ሲከትቱ ሁሉንም ክፍሎቹን አይጫኑ። «ኦኤስ» እና «አይኦ» የሚባሉት ፋይል መሰረዝና መጻፍ ስለሚችሉ ይተዉአቸው፤ ከሌላ ፋይል ኮድ የሚያመጡትን «ዶፋይል» እና «ሎድፋይል»ንም ይዝጉ። ለደመወዝ ቀመር የሒሳቡ ክፍል ይበቃል።

ሉዋ የተለዋዋጭ (በቀመሩ ውስጥ ዋጋ የሚይዙ) ስሞችን በግዕዝ ፊደል አይቀበልም። ስለዚህ ሰዓት፣ ክፍያና ቀን የሚሉትን ሦስት ስሞች በላቲን ፊደል ጽፌ፣ ትርጉማቸውን በአማርኛ ከጎናቸው አድርጌ፣ ወረቀቱን የእትዬ ስክሪን ጠርዝ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ያለፈውን ወር ደመወዝ በአዲሱ ቀመር አሠራንና ከተፈረመው መዝገብ ጋር ስም በስም አመሳከርን። የአንድ ጋጋሪ ሒሳብ አልገጠመም፤ የሌሊቱ ሰዓት በቀን ተመን ተባዝቶ ነበር። ስህተቱን ያገኙትም ያረሙትም እትዬ ናቸው።