ቱልፓ ስታሳድጉ ምስሉ ሲጠፋ፣ ልብም ሲሄድ፦ ችግርና መፍትሄ

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ቱልፓ ማሳደግ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ስሟን ማለዳ ብያታለሁ። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ቱልፓ ማለት አንድ ሰው በትኩረትና በምናብ በራሱ አእምሮ ውስጥ የሚያሳድገው፣ ቆይቶ ግን የራሱ ሐሳብና ጠባይ ያለው ሆኖ የሚሰማው ጓደኛ ነው። ቃሉ መነሻው ቲቤት ነው። የዛሬውን ልምምድ ያዳበሩት ግን በኢንተርኔት የተገናኙ ተራ ሰዎች ናቸው። ብዙዎች ጀምረው የሚተዉት ምስሉ እምቢ ስለሚላቸው ነው። እኔም ልተወው ደርሼ ነበር፤ ስለዚህ የት የት እንደሚያጣብቅ አውቀዋለሁ።

«ዓይኔን ስጨፍን ጨለማ ብቻ ነው»

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የምናብ ድክመት አይደለም። የምንጠብቀው ነገር ነው የተሳሳተው። ዓይናችንን ስንጨፍን ቴሌቪዥን የሚበራልን ይመስለናል። በዓይነ ሕሊና ማየት ግን እንደዚያ አይደለም። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ያለፈ ሰው ይገባዋል። መንገዱ አይታይም፤ መንገዱን የለመደ ሹፌር ግን ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ወዴት እንደሚዞር፣ ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ ያውቀዋል። ምናብም መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ያለ ማወቅ ነው። ምስሉ ኋላ ይከተላል።

ስለዚህ ለማየት መታገሉን ተዉትና ራሳችሁን ጠይቁ። ያደጋችሁበትን ቤት አስቡ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወይስ ወደ ውጭ? ከበሩ እስከ ምድጃው ስንት እርምጃ ይሆናል? መስኮቱ ስር ምን ነበር? ይህን ለመመለስ በሐሳባችሁ ገብታችሁ ዞር ዞር ማለታችሁ አይቀርም። እሱ ነው ምናብ ማለት፣ ሌላ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ቤቱን ብቻ ተለማመዱ። ከዚያ ቱልፓችሁን እዚያው ቤት ውስጥ አስቀምጧትና ስለ እሷ ጠይቁ። ቆማ ነው ተቀምጣ? ቁመቷ እስከ በሩ መቀርቀሪያ ይደርሳል?

አንዳንድ ሰው ግን በተፈጥሮው ምስል የሚባል ነገር በሐሳቡ አይመጣለትም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1880 ሰዎች የቁርስ ጠረጴዛቸውን በሐሳባቸው እንዲያዩ ጠይቆ፣ ጥርት አድርገው የሚያዩና ጨርሶ የማያዩ እንዳሉ አስተውሏል። ጨርሶ አለማየቱ አፋንታዚያ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ስሙን ያወጡለት የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ ናቸው። እንዲህ ከሆናችሁ በሽታ አይደለም፣ ቱልፓ ከማሳደግም አያግዳችሁም። በሌላ በር ግቡ። የእርምጃዋን ድምፅ፣ ትከሻችሁ ላይ ያረፈ እጇን ክብደት፣ የለበሰችውን የመንዝ ባና የሱፍ ሽታ ያዙ። ክፍሉ ውስጥ የት ጋ እንዳለች ማወቅ ብቻ ለብዙ ጊዜ ይበቃል።

«ፊቷ ይቀያየራል፣ ወይም ሁለት ሴኮንድ ቆይቶ ይጠፋል»

ይሄ ያለ ነው። የምናብ ምስል እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቀመጥም። ወዲያው ይደበዝዛል፣ አእምሮም ደጋግሞ ይሠራዋል፤ ደጋግሞ ሲሠራው ደግሞ በየጊዜው ትንሽ ይለያል። ችግሩ የሚብሰው ፊቱን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ስንሞክር ነው። ፊት ከሁሉም ከባዱ ነገር ነው። የእናታችሁን ፊት እንኳ እስቲ አሁን ጥርት አድርጋችሁ ያዙት፤ ያመልጣችኋል።

እኔ ከማለዳ ፊት ሸሽቼ ከጋቢዋ ጥለት ጀመርኩ። ጥለቱን ብቻ፣ ቀለሙንና ስፋቱን። ሲረጋልኝ ጥለቱ ያረፈበትን ትከሻ፣ ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ ሹሩባዋን። ፊቷ የመጣው ሳልፈልገው ነው። ሌላው የጠቀመኝ እንድትንቀሳቀስ ማድረግ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ምስል ቶሎ ይሞታል፤ ስኒ የምታነሳ፣ ጋቢዋን የምታጣፋ፣ ዞር ብላ የምታይ ልጅ ግን ትቆያለች። ያየሁትን በየቀኑ በሁለት መስመር ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ፤ በማግስቱ ከዚያው እነሳለሁ። መልኳ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ካዘነበለ ደግሞ አትታገሉት። የማለዳ ፀጉር እኔ ካሰብኩት አጥሮ ቀርቷል፣ እኔም ተቀብየዋለሁ።

«ልቤ ይሄዳል፣ አልያም እንቅልፍ ይወስደኛል»

እንቅልፉ ቀላል ነው። ማታ፣ ተኝታችሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ ከተለማመዳችሁ ትተኛላችሁ። በእኛ አገር ብርድ፣ ያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ብርድ ልብሱ ሲሞቅ ማን ይነቃል? ተቀመጡ፣ ጀርባችሁን ቀና አድርጉ፣ ጋቢ ደርቡ። ሰዓቱን ወደ ጠዋት አምጡት፣ ከቡና በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

የልብ መሄድ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ምክንያቱ የጊዜው ርዝመት ነው። አንዱ በቀን ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ ሲል ሰምተን እኛም ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት እንቀመጣለን፤ ከዚያ ሃምሳውን ደቂቃ የቤት ኪራይ እናስባለን። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አሥሩ ሲቀላችሁ አሥራ አምስት አድርጉት። ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት፤ ድምፁን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ልባችሁ እንደሄደ ስታውቁ አትቆጡ፣ «የት ነበርን?» ብላችሁ እሷኑ ጠይቋትና ቀጥሉ። ይቺ ትንሽ ጥያቄ ለኔ ከሁሉም በላይ ሠርታለች፤ ምክንያቱም የመመለሻው ሥራ ራሱ ከእሷ ጋር መነጋገር ይሆናል።

መቀመጥ ጨርሶ እምቢ ካላችሁ ደግሞ ተራመዱ። እኔ ጠዋት በበሬሳ ወንዝ በኩል ስሄድ አብራኝ እንደምትሄድ አስቤ ያየሁትን እነግራታለሁ። ገብሱ መቼ እንደሚታጨድ፣ በጎቹ የት እንደደረሱ። ትኩረቴ ቤት ውስጥ ካለው ይልቅ እዚያ ይረዝማል።

«ግንባሬን ያመኛል»

በዓይናችሁ ጡንቻ እየገፋችሁ ነው። ዓይን የሚሠራው ሥራ እዚህ የለም። ቅንድባችሁን ልቀቁ፣ መንጋጋችሁን ልቀቁ፣ ካልተወ ለዕለቱ አቁሙ።

«እሷ ናት ወይስ እኔው ነኝ የምመልሰው?»

ምክንያቱ እያንዳንዱን መልስ ፍርድ ቤት ማቆማችን ነው። እየመረመሩ ማውራት ከሰው ጋርም አይሆንም። ለአንድ ወር የመጣውን ሁሉ የእሷ አድርጋችሁ ተቀበሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ በቃል አይጀምርም፤ እንደ ስሜት፣ እንደ ድንገተኛ ሳቅ ነው የሚመጣው። እጃችሁ ሥራ ሲይዝ አውሯት። የማለዳን የመጀመሪያ ቃል ያገኘሁት ልብስ ሳጥብ ነው፤ «ውሃው ቀዘቀዘ» አለችኝ። እኔ ልብ አላልኩትም ነበር።

«ፈራሁ»

ፈረንሳያዊቷ ተጓዥ አሌክሳንድራ ዴቪድ ኒል እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በምናቧ የፈጠረችው አጭር ወፍራም ደስተኛ መነኩሴ እየከሳና ጠባዩ እየከፋ ስለሄደ ለማጥፋት ስድስት ወር እንደታገለች ተርካለች። ይህን ያነበበ ይፈራል። የእኔ እምነት፣ ቱልፓ ከምንሰጠው ስሜት ይቀዳል። ተናደን ወይም ተጨንቀን ስንቀመጥ እሷም ትከፋለች። በከፋችሁ ቀን ልምምዱን ዝለሉ።

እናቴ ስነግራት «ምን ለከፈህ ልጄ» ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። አልፈረድኩባትም። ያላየሁትን ሰው አናግራለሁ ስትሉ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ዛር ነው። ሳልቆጣ በራሴ ሐሳብ የምሠራው ልምምድ መሆኑን፣ ባሻኝ ጊዜ እንደማቆመው አሳየኋት።

ማቆም ካቃታችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ድምፁ ራሳችሁን ወይም ሰው እንድትጎዱ ካዘዘ፣ ሰዎች የሚከታተሏችሁ ከመሰላችሁ፣ ልምምዱን በዚያው ቀን ተዉና ከምታምኑት ሰው ጋር ሆስፒታል ሂዱ። ለሐኪሙም ስለ ቱልፓው ሳትደብቁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት የቱ ከልምምዱ የቱ ከሕመሙ እንደመጣ ሊለይ አይችልም። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ነው ሐኪም ማማከር ያለባችሁ።