የኬላ ገቺ መድኃኒት የጨረርን ኃይል ይጨምራል? በኮሎኒ ቆጠራ የሚደረግ ፍተሻ

ጨረር የካንሰር ሴልን ዲኤንኤ ቢበጥስም ሴሉ ወዲያው አይሞትም። ጂ2 በሚባለው፣ ከክፍፍል በፊት ባለው የመጨረሻ የዝግጅት ደረጃ ላይ ባለው ኬላ ቆሞ ስብራቱን ይጠግናል። ኬላውን ዘግቶ የሚይዘው ዊ1 የተባለው ኢንዛይም ነው። አዳቮሰርቲብ የተባለው መድኃኒት ዊ1ን ሲገታ ሴሉ ስብራቱን ተሸክሞ ወደ ክፍፍል ይገባና እዚያ ይበላሻል። ፒ53 የተባለው ጉዳት ሲደርስ ሴሉን የሚያስቆም ፕሮቲን የሌላቸው ሴሎች የጂ1 (ዲኤንኤ ከመባዛቱ በፊት ያለው ደረጃ) ኬላቸው የላላ ስለሆነ ጂ2 ላይ ይደገፋሉ፤ ስለዚህ ኤችሲቲ116 የተባሉትን የአንጀት ካንሰር ሴሎች፣ ፒ53 ያላቸውንና የተነቀለባቸውን፣ ጎን ለጎን ፈትኑ። ልዩነቱ ጎልቶ ባይታይ አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ዲኤንኤ በሚባዛበት ጊዜም ጉዳት ያደርሳል።

መጀመሪያ ያለ ጨረር 50፣ 100፣ 200 እና 400 ናኖሞላር ለ24 ሰዓት ሞክሩና ቢያንስ 70 በመቶውን ኮሎኒ (ከአንድ ሴል ተባዝቶ የሚወጣ የሴሎች ክምችት) የሚያተርፈውን መጠን ያዙ። መድኃኒቱ የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦ፣ ከ0.1 በመቶ አይብለጥ፤ መድኃኒት ለማያገኙትም እኩል ይጨመር።

ሴሎቹን ትሪፕሲን በተባለው ኢንዛይም ካላቀቃችሁ በኋላ በማይክሮስኮፕ እዩ። ሁለት ሁለት ሆነው ከተጣበቁ በ40 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፏቸው። በባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት ለ0 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) 100፣ ለ2 ግሬይ 200፣ ለ4 ግሬይ 800፣ ለ6 ግሬይ 3000 ሴል ዝሩ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ጉድጓድ። ፕሌቱን አታሽከርክሩት፣ ሴሎቹ መሃል ይከማቻሉ፤ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ ብቻ አንቀሳቅሱት።

እስኪጣበቁ ለ5 ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ጠብቁ። ሌሊቱን ካሳደራችሁ አንዱ ሴል ሁለት ይሆንና የምትቆጥሩት ጥንዶችን ይሆናል። መድኃኒቱን ከጨረሩ 1 ሰዓት አስቀድማችሁ ጨምሩ። የ0 ግሬዩ ፕሌትም ወደ ማሽኑ ሄዶ ይመለስ። ከ24 ሰዓት በኋላ የሁሉንም ሚዲየም ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ አንድ ጊዜ እጠቡ፣ አዲስ ሚዲየም ጨምሩ። ከዚያ ከ10 እስከ 12 ቀን አትነካኩት።

ኮሎኒዎቹን በሜታኖል ለ10 ደቂቃ አጽንታችሁ (ባሉበት እንዲቆዩ አድርጋችሁ) በ0.5 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ለ30 ደቂቃ ቀቡ። እጥበቱ ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ ይሁን፤ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ኮሎኒውን ይጠርገዋል። 50 ሴልና ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። ያለ መድኃኒትና ያለ ጨረር ከ100 ሴል 60 ኮሎኒ ወጣ እንበል፤ መድኃኒት ብቻ ካገኙት ደግሞ 45። መድኃኒትና 4 ግሬይ ካገኙት 800 ሴሎች 36 ኮሎኒ ከተቆጠረ፣ አካፋዩ 800 × 0.45 = 360 ነው፤ የተረፈው 0.10። በ0.60 ካሰባችሁት ግን 0.075 ይወጣና መድኃኒቱ በራሱ የገደለውን ለጨረሩ ትሰጡታላችሁ። ያለ መድኃኒት 0.10 ላይ ለመድረስ 5 ግሬይ ካስፈለገ፣ የማጠናከሪያው ውድር፣ ማለትም መድኃኒቱ የጨረሩን ኃይል ስንት እጥፍ እንዳደረገው፣ 5 ÷ 4 = 1.25 ይሆናል።

ኬላው በእርግጥ መከፈቱን ለማየት ከሌላ ፕሌት ከጨረሩ 6 ሰዓት በኋላ ሴል ወስዳችሁ በክፍፍል ላይ ያሉ ሴሎችን የሚለየውን ምልክት፣ ፎስፎ-ሂስቶን ኤች3ን፣ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሚለካ ማሽን) ለኩ። ጨረር ብቻ ባገኙት በክፍፍል ላይ ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ መድኃኒት በተጨመረባቸው መብዛት አለባቸው። ካልበዙ መጠኑ አንሷል፣ ወይም መድኃኒቱ በረዶው ደጋግሞ ቀልጦ ተበላሽቷል፤ ሲጀመር በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ቢቀመጥ ይህ አይደርስም።