በገና አልነዝር ሲል፣ ማሲንቆ ሲያኮርፍ

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደብረ ብርሃን ያለው ቤቴ የበገና ክሊኒክ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመው ሁሉ ይወርድና «ተበላሸ» ተብሎ ይመጣል። አብዛኛው ግን ምንም አልሆነም።

ድምፁ ደረቀ፣ ክራር ክራር አለ

በብዛት የሚመጣው ይሄ ነው። ጥፋቱ የእንዚራዋ ነው። እንዚራ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው (አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት) መሀል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። አውታሩን ከበርኩማው ላይ በጥቂቱ ታነሳዋለች። አውታሩ ሲመታ የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ ይነካል፤ ያ የበገና ንዝረት የሚወጣው ከዚያ ነው። እንዚራዋ ከተንሸራተተች አውታሩ ወይ ጨርሶ አይነካም፣ ወይ ተለጥፎ ይታፈናል።

መፍትሄው ትዕግስት ነው። በግራ እጃችሁ አውታሩን እየመታችሁ፣ በቀኛችሁ እንዚራዋን የጤፍ ቅንጣት ታህል ወደ ላይ ወደ ታች ግፏት። መጀመሪያ ድም ብሎ ይቀራል። ቀጥሎ እንደ ዝንብ ይጮኻል። ከዚያ ድንገት ይወፍርና ደረት ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ እጃችሁን አንሱ። አንዴ አንድ ልጅ «ይንጫጫል» ብሎ እንዚራዎቹን በሙሉ አውልቆ ጥሎ መጣ። አዲስ ቆዳ እየቆረጥኩ አሥሩንም ሳስገባ መሸብኝ።

አንዳንዱ አውታር አልተቃኘም

ይሄ ችግር ላይሆን ይችላል። በገና አሥር አውታር ቢኖረውም ብዙ ደርዳሪ የሚመታው አምስት ወይም ስድስቱን ነው። የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ናቸው። ተዉአቸው።

ቅኝቱ አልረጋ አለ

አውታሩ የበግ አንጀት፣ ገበቴው (የድምፅ ሳጥኑ) የለበሰው ደግሞ የከብት ቆዳ ነው። ሁለቱም እርጥበት ይጠጣሉ። በሐምሌ ጉም ቆዳው ይላላና ድምፁ ይሞታል። እዚህ አገር ደግሞ የራሰውን ሁሉ ምድጃ ዳር ማስጠጋት ለምዶብናል። አታድርጉት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ከእርጥብ ግድግዳም አርቁት።

ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር አድርጋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,500 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል። ሙቀቱ ቆዳውን ይወጥረዋል፣ አንጀቱን ያደርቀዋል። እኔ እንደደረስኩ ልቃኝ ብዬ ሁለት አውታር በጥሼ ነው የተማርኩት። ከመነሳታችሁ በፊት አውታሮቹን ላላ አድርጓቸው፤ ስትደርሱ አሳድሩትና ቃኙት።

ማሲንቆው ያፏጫል ወይም ዝም ይላል

ደጋኑ የሚታሽበት የዛፍ ሙጫ አልቆበታል። የፈረስ ጭራ ለብቻው ሲሆን አውታሩ ላይ እያንሸራተተ ያልፋል፤ የሚያስይዘው ሙጫው ነው። ጭራውን በሙጫ እሹት። ታሽቶም ዝም ካለ ቅቤ ነክቶታል ማለት ነው። ሰርግ ላይ በበላ እጁ ደጋን የሚያነሳ አይጠፋም። ያኔ ሙጫ ማባከን ነው፣ ጭራውን ቀይሩት። መንዝ ዘመድ ያለው ሰው ለፈረስ ጭራ አይቸገርም።