ማሰሮው ኤሌክትሪክ አልሰጥ ሲል፦ የቡና ፍሳሽ፣ ጭቃና ቴስተር

ጥቅምት ገብቶ በጅማ ዙሪያ ያሉት የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ሥራ ሲጀምሩ፣ ፍሳሹን በጄሪካን ቀድተው ኤሌክትሪክ ሊያወጡበት የሚሞክሩ ተማሪዎች ቤቴ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ለምንድነው እምቢ ያለው?» ከዚህ በታች የጻፍኩት ራሴ አበላሽቼ ከጠገንኳቸው ማሰሮዎች የተማርኩትን ነው።

የምንጠቀመው ከባክቴሪያ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ማሰሮ ነው፤ ያውም ቀላሉን ዓይነት። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ፍሳሽና ጭቃ ከካርቦን ዘንግ ጋር ይገባና አፉ ይታሸጋል። ማሰሮው ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል፤ ባልዲው ውስጥ አየር የሚያገኝ ሌላ ካርቦን አለ። ባክቴሪያዎቹ የፍሳሹን ስኳርና አሲድ ሲበሉ ኤሌክትሮን ይተርፋቸዋል። ኦክስጅን ስለሌለ ትርፉን ለካርቦኑ ይሰጣሉ፤ በሽቦ ዞሮ ባልዲው ውስጥ ኦክስጅን ይቀበለዋል። በሸክላው በኩል ካለፈው ሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶም ውሃ ይሆናል።

ምልክት፦ ሳምንት ሞላው፣ ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ግን ከ50 ሚሊቮልት አያልፍም

መጀመሪያ ትዕግስት። እንደ ጂኦባክተር ያሉት ባክቴሪያዎች ካርቦኑ ላይ ተጣብቀው እስኪበዙ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃሉ። ጭቃ ሳትጨምሩ ፍሳሹን ብቻ ከሞላችሁ ደግሞ ከዚያም በላይ ትጠብቃላችሁ። ጅማ አጠገብ ካለው ከቦዬ ረግረግ ዳር፣ ከላይኛው ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ጥቁርና የሚሸት ጭቃ ሁለት እፍኝ አምጡ።

ጭቃውም ጊዜውም ሞልቶ እምቢ ካለ ማሰሮውን ጠርጥሩ። የተሟሸ ማሰሮ አይሠራም፤ ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ስለሚደፍነው የሚያልፍ ነገር የለም። ሐሙስ ገበያ አንዷን ሸክላ ሻጭ «እናቴ፣ ይሄ ያልተሟሸ ነው?» ብላቸው «ያልተሟሸ ነው ልጄ፣ ሳታሟሸው ወጥ እንዳትሠራበት፣ ያፈሳል» አሉኝ። እኔ የምፈልገው ማፍሰሱን ነው ብል አብዷል ብለው ይስቁብኝ ነበር። ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ውጪው ወዝቶ ካገኛችሁት ጥሩ ማሰሮ ነው።

ሦስተኛው ጥፋተኛ ከሰል ነው። ጥቁር ስለሆነ ካርቦን ነው ብለው የማገዶ ከሰል የሚከቱ ብዙ ናቸው። ካርቦንስ ነው፤ ግን በበቂ ሙቀት ስላልከሰለ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ንኩ። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ የወጣ ዘንግ ጥቂት ኦም ብቻ ያሳያል፤ ከሰሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ማለቂያ የለውም።

ምልክት፦ በመጀመሪያው ቀን ቮልቴጁ ሰማይ ነካ፣ በሦስተኛው ቀን ጠፋ

ይሄኛው እኔንም አዋርዶኛል። ማሰሮውን ባሸግኩበት ከሰዓት በኋላ ቴስተሩ 1.2 ቮልት አለኝ። ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን 0.1 ሆነ። ፈትቼ ሳየው፣ ማሰሮው ውስጥ ያለውን ዘንግ የያዝኩበት ዚንክ የተቀባ ሽቦ ፍሳሹ ውስጥ ገብቶ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ባልዲው ውስጥ ያለው ዘንግ ላይ ደግሞ ከባትሪ ድንጋዩ የተረፈው ጥቁር ዱቄት፣ ማለትም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይዱ፣ እንዳለ ነው። ዚንክ በአንድ በኩል፣ ማንጋኒዝ በሌላ በኩል፦ የሠራሁት ያንኑ የፈታሁትን የባትሪ ድንጋይ ነበር! ባክቴሪያዎቹ የሉበትም።

ቁጥሩ ራሱ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። በዚህ ዓይነት ማሰሮ ባክቴሪያና ኦክስጅን በስሌት እንኳ ከ1.1 ቮልት ገደማ አያልፉም፤ በተግባር ያለጭነት (ምንም ሳይያያዝበት) 0.7 ወይም 0.8 ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ስለዚህ ጥሩ የሚመስለውን ቁጥር ከመጥፎው ይበልጥ ጠርጥሩ። የባክቴሪያ ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ በቀናት ነው የሚወጣው፤ የብረት ግን ወዲያው ወጥቶ ይወርዳል።

መፍትሄው፦ ዘንጎቹን ቀቅሉና እጅ እስከማያጠቁሩ ድረስ ፈትጉ። ሽቦው ከዘንጉ ጋር የሚገናኘው ከፈሳሹ በላይ ይሁን፣ በሲሊኮንም ይሸፈን። ፈሳሹን ካርቦን እንጂ ብረት አይንካው። መዳብም ቢሆን አረንጓዴ እየሆነ ይሟሟና ባክቴሪያውን ይመርዛል። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ያለ ጭቃ፣ በተፈላ ፍሳሽ ሁለተኛ ማሰሮ ሥሩ። እሱም እኩል ካሳየ እየለካችሁ ያላችሁት ብረት ነው።

ምልክት፦ ደህና ይሠራ ነበር፣ አዲስ ፍሳሽ ስጨምርበት ሞተ

ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ አሲድ ነው። የቡናው ዝልግልግ ስኳርና ፔክቲን የሞላበት ስለሆነ ሲቦካ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲዱ የበዛ) ወደ 4 ይወርዳል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን የሚወዱት 7 አካባቢ ነው። ምግባቸው መብዛቱ ራሱ ገደላቸው ማለት ነው። ግማሹን ፍሳሽ ድፉና የቀረውን በሊትመስ ወረቀት እያያችሁ በአመድ ውሃ ወይም በቁንጥጫ ኖራ አስተካክሉ። በኖራ አትቸኩሉ፤ ከ8 ካለፈ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ብርጭቆ ፍሳሽ በአራት ብርጭቆ ውሃ አቅጥኑ፣ ጥቂት ጥቂትም አድርጉ። የተደፋውን አዌቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትጥሉ፤ ወንዙ የራሱ ይበቃዋል።

ምልክት፦ ያለጭነት 0.6 ቮልት፣ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ዕቃ) ሲያያዝ 0.02

ቮልቴጁ አለ፣ ጉልበቱ የለም። የማሰሮው የውስጥ ሬዚስታንስ በዝቷል። አብዛኛውን ጊዜ ዘንጎቹ ተራርቀዋል፣ ወይም አንድ ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው፣ አለዚያም በማሰሮ ፈንታ በጨው የተሞላ ቱቦ ተጠቅማችኋል። ቱቦውን ተዉት። አምስት ስድስት ዘንግ በአንድ ላይ እሰሩና ሁለቱንም ወገን ወደ ሸክላው ግድግዳ አስጠጉ። የውስጡ ስንት እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሬዚስተር እየቀያየራችሁ ለኩ፤ ቮልቴጁ ከመጀመሪያው ግማሽ የሚሆንበት ሬዚስተር ከውስጡ ጋር በግምት እኩል ነው፣ ከፍተኛውም ኃይል የሚገኘው እዚያው ነው።

ትናንሾቹ ችግሮች፦ ቮልቴጁ ሌሊት ወርዶ ቀን የሚወጣ ከሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ነው፤ ጆንያ አልብሱት። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ሰልፋይድ ነው፤ በተዘጋ ክፍል አታሽትቱት። አረፋው ከበዛ ሚቴን አምራቾች ምግቡን እየሻሙ ነው፣ እሳት አታስጠጉ። ማሰሮው ውጪ ነጭ ቅርፊት ካበጀ በሎሚ ፈትጉት።

ምልክት፦ አራት ማሰሮ በተከታታይ ባያይዝ ድምሩ ከአንዱ አነሰ

ከአራቱ አንዱ ደካማ ነው፤ ሌሎቹ እየገፉት ቮልቴጁን ገልብጠውታል። እያንዳንዱን ለብቻው ለኩ፣ ኔጌቲቭ የሚያሳየውን አውጡትና መግቡት። ጎን ለጎን ማያያዝ ይሻላል፤ ቮልቴጅ ካስፈለገ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ሞልታችሁ የቮልቴጅ ማሳደጊያ ሰርኪዩት ጨምሩ።

አምፖሉ አልበራም የሚለውን ግን እንደ ብልሽት አትቁጠሩት። ቀይ ኤልኢዲ 1.8 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። 0.3 ቮልት በ1000 ኦም ላይ የሚሰጠው 0.09 ሚሊዋት ነው። ስልክ መሙያ 5 ዋት ይላል፤ በአንድ ሚሊዋት ማሰሮ እንኳ አምስት ሺህ ማሰሮ ማለት ነው። ፖተር የተባለው እንግሊዛዊ የእጽዋት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1911 ከእርሾና ከባክቴሪያ ያገኘውም ጥቂት ነበር።

የቡናው ወቅት ሲያልፍ ፍሳሽ ይጠፋል። ያኔ በሳምንት አንድ የሾርባ ማንኪያ የጠላ አተላ በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ የእኔው እስከ ክረምት በዚያ ቆይቷል።