በባሕር ዳር ክፍያ ያለው የክረምት ሥራ እንዴት ይገኛል? ለምህንድስና ተማሪዎች

በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለውን ኢንተርንሺፕ ሁሉም የምህንድስና ተማሪ ያውቀዋል። ዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ነጥብ ይያዝበታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ክፍያ የለውም። እኔ የምጽፈው ስለ ሌላው ነው፦ ግቢ ሲዘጋ በሚተርፈው ሁለት ወር ውስጥ ሙያ እየለመዱ ብር ስለሚያገኙበት ሥራ። እኔ ባሕር ዳር ሁለት ክረምት ሠርቻለሁ፤ አንዱን በነጻ፣ አንዱን በክፍያ። በሁለቱ መካከል ችሎታዬ ያን ያህል አላደገም። የተለወጠው ስለ ክፍያው ያነሣሁበት ቀን ነው። በመጀመሪያው ክረምት ሥራው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠየቅሁ፤ በሁለተኛው ሥራ ሳልጀምር።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ ደብዳቤ ይዛችሁ የክልል መሥሪያ ቤት ብትሄዱ ፋይናንሱ ሒሳብ በመዝጋት ላይ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ብትሄዱ ደግሞ አዲሱ በጀት ገና እጅ አልገባም። ስለዚህ መንግሥታዊ ድርጅት የምትፈልጉ ከሆነ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ ሚያዝያ አካባቢ ቀድማችሁ ግቡ። ያኔም ቢሆን «የመደብነው በጀት የለም» የሚለውን መልስ ጠብቁ። ለግል ድርጅት ግንቦት አጋማሽ አይዘገይም።

ዝናቡንም አስቡ። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ትልቁ ድርሻ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። በእነዚህ ወራት ቁፋሮ፣ ሙሌትና የመንገድ ሥራ ይቆማል ወይም ይንቀራፈፋል። ሥራ የቆመበት ሳይት ለተማሪ የሚከፍለው የለውም።

በክረምት የማይቆመውን ሥራ ፈልጉ

በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያየ የሲቪል ተማሪ እንዲህ ያለ ግንባታ ላይ መግባት ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው። ለሁለት ወር የሚከፈል ሥራ ግን ይበልጥ የሚገኘው ጣሪያው የተመታለት ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ላይ ነው። ልስን፣ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ፣ የሳኒተሪ ሥራ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ዝናብ አያስቆመውም። ኮንትራክተሩም በዚያ ወቅት የተሠራውን ለክቶ ክፍያ መጠየቅ አለበት። ሳይት ኢንጂነሩ ብቻውን የሚያድርበት ሥራ ይኸው ነው፦ ልኬት መውሰድ፣ ቴክ ኦፍ ሺት (የሥራው መጠን የሚሰላበትን ቅጽ) መሙላት፣ የተለወጠውን ሥዕል ኦቶካድ ላይ ማረም። ይህን የሚያቀልለት ልጅ ካገኘ ለመክፈል ምክንያት አለው።

የዲዛይንና የማማከር ቢሮዎችም ክረምት ላይ ጠረጴዛቸው ይሞላል፤ በበጋ የተሰበሰበው የመስክ መረጃ የሚሠራው ያኔ ነው። ለሜካኒካል ተማሪ ጋራዥና የብረታ ብረት ወርክሾፕ አሉ። እኔ ግን ብዙዎች የሚዘሉትን የውኃ ፓምፕ ጥገና እመክራለሁ። በፎገራና በጣና ዳርቻ ሽንኩርት የሚያጠጡት ፓምፖች በበጋ እረፍት የላቸውም፤ ክረምት ሲገባ ይቆማሉ፣ የሚጠገኑበትም ጊዜ ይኸው ነው። አንድ ክረምት ፓምፕ ፈትቶ የገጠመ ተማሪ ፈሳሽ ሜካኒክስን በሌላ ዓይን ያነባል። ለኤሌክትሪካል ተማሪ የሕንፃ መስመር ዝርጋታና የሞተር ጥቅለላ፣ ለኬሚካልና ለጨርቃ ጨርቅ ተማሪ ፋብሪካዎቹ አሉ።

ሥራው ከከተማ ወጣ ያለ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ ከሄዱበት ሰዎች ጠይቁ። ቤተሰብ እያሳሰቡ የሚሠራ ሥራ አይጠቅምም።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት እንዳይቀር

ከዲፓርትመንት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ የትብብር ደብዳቤ አውጡ። አንድ ገጽ ሲቪ፣ የውጤት ወረቀትና የመታወቂያ ኮፒ አያይዙ። ሲቪው ላይ «ታታሪና ትጉ ነኝ» ከማለት የሠራችሁትን ጻፉ፦ የትኛውን ፕሮጀክት፣ በየትኛው ሶፍትዌር፣ ስንት ገጽ ሥዕል።

መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ያዙ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ «የት ተመራ?» በሉ። ኃላፊው ወደ ሰው ሀብት ከመራው እዚያ፣ ወደ ቴክኒክ ክፍል ከመራው እዚያ ሂዱና ራሳችሁን አስተዋውቁ። ደብዳቤ ብቻውን አይሄድም፤ በእግር የሚከተለው ሰው ይፈልጋል።

ፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማራቸው ሰዎች በከተማዋ ወርክሾፖችና ቢሮዎች ውስጥ አሉ። መምህራችሁን «እዚህ ድርጅት ውስጥ ያስተማሩት ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ስልክ የሁለት ሳምንት ምልልስ ያስቀራል።

ስለ ክፍያው ሳታፍሩ ተነጋገሩ

ብዙዎቻችንን የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። «ገና ተማሪ ነኝ፣ ስለ ገንዘብ ባነሣ ምን ይሉኛል?» እንላለን። በመጀመሪያው ክረምቴ አንድ ድርጅት «አንተ ሥራ፣ እናስብልሃለን» አለኝ፤ አመንኩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ «በዚህ ዓመት አልተያዘልህም» ተባልኩ። የቤት ኪራዬን የከፈለችው ታላቅ እህቴ ነበረች።

ከመነጋገራችሁ በፊት ሒሳባችሁን ሥሩ። ግቢ ሲዘጋ ዶርሙም ካፌውም ይዘጋል። ለሁለት ወር የሚከፈል የቤት ኪራይ (ከተቻለ ከጓደኛ ጋር በጋራ)፣ ምግብ፣ የባጃጅ፣ የስልክ ካርድ። ድምሩ ከዚያ በታች ወርዳችሁ የማትስማሙበት ገንዘብ ነው። ድርጅቱ ያን መክፈል ካልቻለና ቤተሰባችሁ ሌላ ከተማ ከሆነ፣ እዚያው እቤት እየኖሩ ሥራ መፈለጉ ይሻላል።

ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ኢንጂነር፣ ከሐምሌ 5 እስከ ነሐሴ 30 እዚሁ ነኝ። ልኬት እወስዳለሁ፣ ቴክ ኦፍ እሠራለሁ። አንድ ሳምንት ይሞክሩኝ፤ ከጠቀምኩዎት ከዚያ በኋላ ላለው በወር ይህን ያህል እንስማማ።» የወርክሾፕ ባለቤት ጋሼ ከሆኑም ነገሩ ያው ነው፤ በትሕትና፣ ግን ቁጥሩን ጠርቶ። ወርሃዊ ክፍያ ካልተመቻቸው በሥራ መጠን ይሁን በሉ፤ በአንድ ሥዕል፣ በአንድ የተጠገነ ሞተር። የሙከራውን ጊዜ ግን ከአንድ ሳምንት አታስረዝሙ።

ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። የምትሠሩት ሥራ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የክፍያው መጠንና ቀን፣ የሁለት ወገን ፊርማ። እዚህ ላይ አንድ ቃል ብዙ ያመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ለትምህርትና ለሥልጠና ተብሎ የሚመሠረት ግንኙነትን ግን ከወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የምትሠሩት የሠራተኛ ሥራ ከሆነ ወረቀቱ ላይ «ሠልጣኝ» ሳይሆን «ጊዜያዊ ሠራተኛ» እንዲባል ጠይቁ። በቃል ከተስማማችሁም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት አዋጁ ይደነግጋል።

ሥራ ላይ

የደኅንነት ጫማና ሄልሜት ከሌላችሁ ሳይት አትግቡ፤ ድርጅቱ እንዲሰጣችሁ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ዝናብ ያራሰው መወጣጫ ላይ ሰው ሲንሸራተት አይቻለሁ።

ፎርማኑን አክብሩት። እናንተ ቀመሩን ታውቃላችሁ፤ ኮንክሪቱ ሲወፍር ወይም ሲቀጥን በዓይኑ የሚለየው እሱ ነው። ስለምን ውኃ እንዳስቀነሰ ጠይቁት፤ ማታ ከመጽሐፋችሁ ጋር አስተያዩት።

በየቀኑ የሠራችሁትን በደብተር ጻፉ፦ ቀን፣ ሥራ፣ መጠን፣ ያረመላችሁ ሰው። ክፍያ ላይ ክርክር ቢነሣ ማስረጃችሁ ያ ደብተር ነው፤ ለኢንተርንሺፕ ሪፖርትም ይሆናል። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከቀኑ ካለፈ በሳምንቱ ጠይቁ፤ ሁለተኛው ወር እስኪያልቅ አትጠብቁ።

የሥራ ልምድ ወረቀቱን ነሐሴ 20 አካባቢ ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ አቅርቡ። የሠራችሁበት ቀንና የሥራው ዓይነት በዝርዝር ይግባበት፤ የኃላፊው ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም መኖሩን ከቢሮ ሳትወጡ አረጋግጡ። ጳጉሜን ከገባች ሁሉም ለዘመን መለወጫ ስለሚበተን ፈራሚ ማግኘት ይቸግራል።