ልብ ሞቆ እግር እምቢ ሲል፦ የስፖርት ሙዚቃ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከአልጋ መነሳት ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ አንገት ሥር ይገባል። እንዲህ ባለ ጠዋት ጆሮ ላይ የተሰካ ሙዚቃ ብርድ ልብስ ለመግፈፍ ያግዛል። የሚያግዘው ግን ሁልጊዜ አይደለም። «ዘፈን አላነቃኝ አለ» ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ወዲያው ዘፈን ይቀይራሉ። እኔ እንደታዘብኩት ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ዘፈኑ የተሰማበት ሰዓትና ቦታ ላይ ነው። ከምልክቱ ልጀምር።

ልብ ይሞቃል፣ እግር ግን አይከተልም

ምልክት፦ ሲወጡ ደምዎ ይፈላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እርምጃዎ ይዘበራረቃል፤ አንዴ ይፈጥናሉ፣ አንዴ ይጎተታሉ።

መንስኤ፦ ምናልባት የሚያዳምጡት ቀረርቶ ነው። የሸዋ ሰው ቀረርቶ ሲሰማ ፀጉሩ ይቆማል፤ ለዚህ ማስረጃ አያስፈልግም። ነገር ግን ቀረርቶ የታሰረ ምት የለውም። ድምፃዊው ትንፋሹ እስኪያልቅ ይስበዋል፣ ያርፋል፣ በፈቀደው ጊዜ እንደገና ይነሳል። እግር ደግሞ የሚፈልገው በእኩል ርቀት የሚረግጠው ምት ነው። የገብስ ውቂያና የአጨዳ ዜማዎቻችን ከቀረርቶ የሚለዩት በዚህ ነው፤ ሥራውን አብረው ስለሚሠሩ ምታቸው አይዛነፍም።

መፍትሄ፦ ቀረርቶውን የጫማ ክር ሲያስሩ ይስሙትና በር ላይ ያብቃ። ለመንገዱ ችክችካ ይምረጡ። ችክችካ ስድስት ትናንሽ ምቶች በሦስት በሦስት የተከፈሉበት ስልት ነው፤ እግርዎ የሚያርፈው በእያንዳንዱ ሦስት መጀመሪያ ላይ ነው። ትናንሾቹን ሁሉ ለመርገጥ የሞከረ ሰው ይደናቀፋል። ትዝታ ደግሞ ሲጨርሱ፣ ላብዎን እየጠረጉ ወደ ቤት ሲያዘግሙ ይደርሳል።

ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። እግር የሚረግጥባቸውን ምቶች ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በደቂቃ 100 እርምጃ ገደማ ነው። ብዙ ሯጮች ደግሞ ከ160 እስከ 180 ይረግጣሉ። ይህን ያህል የሚፈጥን ዘፈን ካጡ በደቂቃ 80 ወይም 85 ምት ያለው ይበቃል፤ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ይረግጡበታል።

ትናንት የተስማማኝ ዘፈን ዛሬ ትንፋሽ አሳጠረኝ

የአክስቴ ልጅ ከሸዋ ሮቢት መጥቶ እኔ ዘንድ ሰነበተ። ቆላ ላይ የሚሮጥባቸውን ዘፈኖች እንዳሉ በስልኩ ይዞ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አብረን ወጣን። በሬሳ ወንዝ ድልድይ ላይ ስደርስ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ ቆሞ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ዘፈኑ ፈጠነብኝ» አለኝ።

ዘፈኑ አልፈጠነም፤ አየሩ ነው የሳሳው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። በሁለቱ መሐል ባለው ተራራ፣ ጣርማ በር ላይማ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሙዚቃው ግን ይህን አያውቅም፤ በቆላው ፍጥነት ይጎትትዎታል።

መፍትሄው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘገም ያለ ዘፈን መያዝና በንግግር መመዘን ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃትዎ ከምቱ ኋላ ይቅሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ስፖርቱን ያቁሙ።

ዳገት ላይ ሙዚቃው ጭራሽ አይሰማኝም

ይህ ብልሽት አይደለም። በለንደኑ ብሩነል ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ኮስታስ ካራጊዮርጊስ እንደሚሉት፣ መካከለኛ ጥረት በሚጠይቅ እንቅስቃሴ ሙዚቃ የድካም ስሜትን 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጥረቱ እጅግ ሲከብድ ግን የሳንባና የጡንቻ ጩኸት ጆሮን ይዘጋል። ስለዚህ ምርጥ ዘፈንዎን ዳገቱ ወገብ ላይ አያባክኑት፤ ከግርጌው ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲጀምር ያድርጉ።

ሜዳ ላይ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ቤት ውስጥ ደህና ነው

ብዙ ሰው ማዳመጫው ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። እኔም ገዝቻለሁ፤ አዲሱም ያው ሆነ። ገመድ አልባ ማዳመጫ ከስልክ ጋር የሚገናኝበትን ሞገድ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውኃ ይውጠዋል። ቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ እየነጠረ ዞሮ ይደርሳል፤ ገላጣ ሜዳ ላይ ግን የሚነጥርበት የለም። ስልኩ በቀኝ የኋላ ኪስ፣ ሞገዱን የሚቀበለው ማዳመጫ በግራ ጆሮ ከሆነ መሐል ላይ እርስዎ ቆመዋል ማለት ነው። ስልኩን ወደ ደረት ኪስ ወይም ወደ ክንድ ያምጡት፤ ጎኑንም እየቀያየሩ ይሞክሩ።

ባትሪው 30 በመቶ እያለ ስልኩ ድንገት ከጠፋ ደግሞ ብርዱን ይጠርጥሩ። ቅዝቃዜ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ሂደት ያዘገየዋል። ከሹራብ ሥር፣ ገላ አጠገብ ይያዙት።

ነፋሱ ዘፈኑን ይውጠዋል

ድምፅ መጨመር የቀናው መንገድ ይመስላል፤ ጆሮ ግን ይከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ድምፅን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ 90 ዴሲቤል ሲሆን ግን 4 ሰዓት ብቻ። የሱፍ ቆብ እስከ ጆሮ ዝቅ ቢያደርጉ የነፋሱ ፉጨት ይቀንሳል፣ ጆሮዎም ይሞቃል። በከተማው መሐል በሚያልፈው የደሴ መንገድ ዳር ከሆነ የሚሮጡት አንዱን ጆሮ ነፃ ይተዉና ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ ይሩጡ። የጭነት መኪናው ጡሩምባ ቢሰማም፣ የጋሪ ኮቴ ግን በማዳመጫ ውስጥ አይሰማም።

ጾም ገባ፣ ዘፈን ቀረ

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዘፈን የማይሰማ ሰው በአካባቢያችን ብዙ ነው፤ ስፖርቱም አብሮ ይጾማል። መዝሙር እያዳመጠ የሚሮጥ አለ። እኔ አይሆንልኝም፤ መዝሙር ቆሞ ወይም ተቀምጦ እንዲሰማ እወዳለሁ። በእነዚህ ሳምንታት የምይዘው ጓደኛ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሮጥ ኮቴው ራሱ ከበሮ ይሆናል።

ያለ ሙዚቃ መሮጥ አቃተኝ

ለመዝናኛ የሚሮጥ ሰው ይህ ላያሳስበው ይችላል። ለአትሌቲክስ ውድድር የሚዘጋጅ ወጣት ግን ሊያስብበት ይገባል፤ በዓለም አትሌቲክስ ሕግ መሠረት በውድድር ሥፍራ ስልክ ወይም ሙዚቃ ማጫወቻ መያዝ እንደ እርዳታ ስለሚቆጠር ክልክል ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በየካቲት 1990 ዓ.ም. በርሚንግሃም ላይ በቤት ውስጥ 2,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር እንኳ እርምጃውን ያስተካከለበት ሙዚቃ የተለቀቀው በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ነበር።

ከሦስት ቀን አንዱን ስልክ ሳይዙ ይውጡ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ብቻ፤ ዜማውን በልብ ይያዙትና እርምጃዎን በእሱ ይቁጠሩ። የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ስልኩን ትራስ ሥር ትቶ ወጣ፤ በበሬሳ ድልድይም ሳይቆም አለፈ። ምን እያልክ ነው የሮጥከው ብዬ ብጠይቀው፣ አያታችን ውቂያ ላይ በሬዎቹን ሲያዞሩ የሚሏትን ነው አለኝ፤ ግጥሙ ግማሹ ጠፍቶበት በ«ሆ» ሞልቶታል።