ጠዋት አልነሳ ለሚል አሮጌ የኢንጀክሽን (ቤንዚን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚረጭበት) መኪና

በታኅሣሥና በጥር የባሕር ዳር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ደህና እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ባትሪውን አታድክሙት። ቁልፉን የዳሽቦርዱ መብራት እስኪበራ ብቻ አዙሩ፣ 3 ሰከንድ ጠብቁ፣ አጥፉ። ሦስቴ ደጋግማችሁ የነዳጅ ፔዳሉን ሳትረግጡ አስነሱ።

ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር የቤንዚን ፓምፑ ለጥቂት ሰከንድ ይሠራል፤ ከኋላ በኩል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ፓምፑ ላይ ያለችው ቤንዚን እንዳይመለስ የምትይዘው ቫልቭ ስታረጅ፣ መኪናው ቆሞ ሲያድር የመስመሩ ግፊት ይወርዳል። መደጋገሙ ግፊቱን መልሶ ይሞላዋል።

አንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ላይ ግን ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ስለሆነ ይህ አይጠቅማቸውም። ቤንዚን ከሸተታችሁ ደግሞ አትሞክሩት፤ ወይ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚለኩሰው) ርሷል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ መጀመሪያ እሱን አስፈትሹ።